ለቅሷችንን የተቀመጠው እንግሊዝ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ከአንድ አሳ ቤት ኦርደር ፒክ አደረግኩ። ሥራዬ ዴሊቨሪ ነው። ከረጢቱን ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ በሩን እንደዘጋሁት ሽታው መኪናውን ሞላው። የተጠበሰ ድንችና ኮምጣጤ። ነጩ ኮምጣጤ አይደለም፣ ቡናማው፣ እንግሊዞች ድንች ላይ የሚያርከፈክፉት። ውጪ በረዶ እየጣለ አራቱንም መስኮት አወረድኩት። ምግቡ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ድንጋይ ሆኗል፣ አንድ ኮከብ ሰጠኝ። ይስጠኝ። እኔ ያንን ሽታ ይዤ አንድ የትራፊክ መብራት እንኳን አላልፍም።

የኖርማን ሽታ ነዋ። የኛ ሰዎች «ጋሽ ኖርማን» ይሉት ነበር። እኔ ጋሽ አልለውም። ሲብስብኝ የምለው ሌላ ስም አለ፣ እሱ ደግሞ እዚህ አይጻፍም።

ያደግነው ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሊፍቱ ሲፈልግ የሚሠራ ሲያሻው የሚተኛ ቢልዲንግ ውስጥ። ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ በየበሩ የሌላ አገር ሽንኩርት ይጠበሳል። እኛ ፎቅ ላይ ነበርን፣ ኖርማን ምድር ቤት። አጭር፣ ሰፊ፣ ፀጉሩን በቅባት ወደኋላ የሚለጥፍ ሽማግሌ። በበጋ፣ ሰው ሁሉ በቁምጣ ሲሄድ፣ እሱ ኮትና ክራቫት። ጫማው ፊትህን ያሳይሃል። ከሰዓት በኋላ ድንቹን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና የቢልዲንጉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ ያወጣል፣ ኮምጣጤውን ያርከፈክፋል፣ እኛ ልጆቹ እንደ እርግብ እንከበዋለን። ለእያንዳንዳችን ትኩስ ትኩስ ድንች ያድለናል። ጣታችን በቅባት ይርሳል፣ ኮምጣጤው አፍንጫችንን ይወጋዋል፣ እሱ ደግሞ ያወራል።

ወሬው ለንደን ነው። አባቱ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያወርድ ሠራተኛ ነበር። እሱ ልጅ ሆኖ ከመርከብ የሻይ ሳጥን እየሰረቀ በጓሮ በር ይሸጥ ነበር። ተያዘ፣ የልጆች እስር ቤት ገባ፤ ሲወጣ ከሌባ ወደ ትልቅ ሌባ አደገ። ሰፈሩ ውስጥ ሱቅ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ እሱን አስፈቅዶ ነው የሚከፍተው። ያላስፈቀደ ሰው ሱቁ በሳምንቱ ይቃጠላል። በኋላ የገዛ ጓደኛው ለፖሊስ ሸጠውና በሌላ ሰው ፓስፖርት ካናዳ ገባ። ይሄን ሁሉ እንደ ተረት ነበር የሚነግረን፤ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ሲጨርስ ጣቱን ወደኛ ቀስሮ «በዓለም ላይ ከሁሉም የሚያስጠላው ሰው ማነው?» ይለናል። እኛ በአንድ ድምፅ፣ «ስኒች!» ወሬ አቀባይ፣ ጠቋሚ ማለት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር እንኳን እንደዚያ በአንድ ድምፅ ዘምረን አናውቅም።

ታዲያ ቶሮንቶ መጥቶ አልጸደቀም። ታው ትራክ ነበር የሚያሠራው፣ የተጋጨ መኪና የሚጎትተውን። ይሄ ሥራ ሲያዩት ሰላማዊ ይመስላል። ሃይዌይ ላይ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የደረሰ መኪናውን ጭኖ የራሱ ሰው ጋራዥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ጋራዡም ኢንሹራንሱም ለሱ የምትታለብ ላም ነው። ስለዚህ «ይሄ መንገድ የኔ ነው» የሚል አለቃ አለው። ዶን ቫሊ የሚባለው ሃይዌይ ላይ አለቃው ኖርማን ነበር። የሌላ ሰው ትራክ እዚያ ከቆመ መጀመሪያ መስታወቱ ይሰበራል፣ ቀጥሎ ጎማው ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ እሳት። የለንደኑ ሱቅ ጎማ አወጣ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

ቢልዲንጋችን ይሄን አያውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ያውቃል። ግን ኖርማን እኛን በምን እንደገዛን ልንገራችሁ።

የአባቴ እናት ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። ሽማግሌዎች በጠዋት በራችንን አንኳኩ፣ አባዬ ገና ሲያያቸው ገባው። የጮኸውን ጩኸት አልረሳውም፣ ከሆዱ የወጣ እንጂ ከአፉ የወጣ አይመስልም። ሶፋው ወጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ቤቱ በነጠላ ሞላ። ሴቶቹ እያለቀሱ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ካርቶን ነው፣ ላይኛው ቤት ያለው ሰው ረበሹኝ ብሎ ኮምፕሌን አደረገ።

ይሄኔ በሩ ተከፈተና ኖርማን ገባ። ትከሻው ላይ የሚታጠፉ ወንበሮች ተሸክሟል፣ ከኋላው ሁለት ሹፌሮቹ ውሃና ለስላሳ ይዘዋል። ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ያ ጫማው መስታወት የሆነ ሰውዬ ካልሲው ቀዳዳ ነበር፣ አውራ ጣቱ ይታያል። እማዬ ዛሬም ድረስ ያችን ቀዳዳ ታነሳታለች። «ሰው መስሎኝ!» ትላለች። «በዚያች ቀዳዳ ነው የተሸወድነው።»

ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሦስቱንም ቀን መጣ፣ ሦስቱንም ቀን ዝም ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዋለ። አንድ ፈረንጅ ስልክ ሳይነካ፣ ሰዓት ሳያይ፣ ያን ያህል ሰዓት ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ «ሐዘን የሚያውቅ ሰው» አሉ። ያን መቀመጥ የተማረው እስር ቤት መሆኑ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ቀን የቢልዲንጉ ሱፐር፣ ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚጠግነው፣ ኮምፕሌኑን ይዞ መጣ። ኖርማን በካልሲው ተነስቶ በሩ ላይ ቆመለት። ድምፁን አላነሳም። «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል» አለው። «አንተ ቤትስ?» ሱፐሩ ያልተጠራበት ቤት የመጣ ሰው መስሎ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቧንቧችን እንኳን ሲበላሽ በሩጫ ነው የሚመጣው።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ቀረበ። ኖርማን እንጀራውን እንደኛ በእጁ ቆረሰ፣ ምስሩን አየው፣ አሰበ፣ ከዚያ ከኮቱ ኪስ ጠርሙሷን አውጥቶ ኮምጣጤ አርከፈከፈበት። ሴቶቹ መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያ አልቻሉም። አባዬ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠው አባዬ፣ ሳቀ። እንባውን እየጠረገ ሳቀና «ይሄ ሰው ወንድሜ ነው» አለ።

አለቀ። ተሸጥን።

ከአርባው በኋላ አባዬ ራሱ ታች ወርዶ ለመነው። «ሄኖክን ሥራ አስገባልኝ።» ሄኖክ ታላቅ ወንድሜ ነው። ኮሌጁን ትቶ ቤት ተጎልቶ ነበር። ኖርማን ወዲያው ታው ትራክ ሰጠው፣ ጣሪያው ላይ ቢጫ መብራት የሚሽከረከርበት። ሄኖክ ፓርኪንጉ ውስጥ ሲገባ መብራቱን አብርቶልን እንደ ሠርግ መኪና እንጮህ ነበር። እውነት ለመናገር በዚያ ዘመን ከሄኖክ ቀጥሎ የምወደው ሰው ኖርማን ነበር። አሁን ጥርሴን የሚያፋጨኝም ይሄ ነው፤ ሰውየውን መጥላት ሳያንስ የወደድኩትን ልጅም መጥላት አለብኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። እማዬና እኔ ወደ ላይ ወጣን፣ አባዬ መኪና ሊያቆም ታች ቀረ። ሄኖክ ቁልፉን ለኖርማን ሰጥቶት ሲመለስ ሊፍቱ በር ላይ አገኘነው። «ኖርማን ትራኩን ለአንድ ሰዓት ፈልጎት ነው» አለ። ስልኩን እንኳን ትራኩ ውስጥ ረስቶት ነበር የወጣው። ምሳ በላን። ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ የአንድ ተፎካካሪ ትራክ ከነግቢው ነደደ። ውስጡ ሹፌሩ ተኝቶ ነበር። አልሞተም፣ እጆቹ ግን እጅ መሆን አቆሙ።

የግቢው ካሜራ ያነሳው የሄኖክን ትራክ ነው፣ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ። የሹፌሩ ፊት አይታይም። በዚያ ሰዓት እዚያ እንደነበረ የተመዘገበውም ትራኩ ውስጥ የቀረው የሄኖክ ስልክ ነው። ፖሊስ መጥቶ ወሰደው።

የሄኖክ ሎየር፣ ጠበቃዋ፣ ቀጭን፣ ደከም ያለች ሴትዮ ነበረች። እማዬ «ልጄ ቤት ነበር፣ አብሮኝ እየበላ ነበር» ስትላት በትሕትና አንገቷን ነቀነቀች። «እናት ሁሉ እንደዚያ ትላለች» አለች። «እኔ የምፈልገው ትራኩን ማን እንደነዳው ያየ ሰው ነው። ያየ አለ?»

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ ምንጣፉን አየ።

ቤት እንደገባን ኩሽና ውስጥ ያዘችው። እኔ ሳሎን ቴሌቪዥን የማይ መስዬ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ።

«ፓርኪንጉ ላይ ነበርክ። አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ማን ነበር የነዳው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ተናገራ! ነገውኑ ሄደህ ተናገር!»

«አንቺ ሴት» አለ አባዬ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «የእናቴን ለቅሶ ሦስት ቀን በተቀመጠ ሰው ላይ እጄን አንስቼ ፍርድ ቤት ልማል? ሰው ምን ይለኛል? እናቴስ አፈር ውስጥ ሆና ምን ትለኛለች?»

«እናትህማ አርፈዋል!» አለች እማዬ። «በቁሙ የሚቀበረው ልጅህ ነው!»

አባዬ ፈሪ ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ፈሪ አይደለም፤ አገር ቤት እስር ላይ ተደብድቦ እንኳን የጓደኞቹን ስም ያልሰጠ ሰው ነው ይሉታል። የያዘው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ መድኃኒት የለውም፣ ኢንሹራንስም አይሸፍነውም።

ያመጣው መላ ምን መሰላችሁ? ሽማግሌ መላክ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ክራቫት አስረው ኖርማን ቤት ወረዱ። ወተት የገባበት ሻይና ብስኩት አቀረበላቸው። አንደኛው ይናገራል፣ ሌላኛው ይተረጉማል፤ ስለ ክብር፣ ስለ ልጅ፣ እውነተኛ ወንድ ያጠፋውን ራሱ እንደሚሸከም። ኖርማን አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ሄኖክን እንደ ልጄ ነው የማየው። አስብበታለሁ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወደ ላይ ወጡ። «ልቡ ተነክቷል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል» አሉ። «በራሱ ጊዜ ሄዶ እጁን ይሰጣል።» አባዬ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ጠዋት ቢልዲንጉ በር ላይ የቤት ዕቃ የሚጭን መኪና ቆሟል። ኖርማን ሙቭ አውት እያደረገ፣ ቤቱን እየለቀቀ ነው። ሽማግሌ የተላከበት ሰው ሊሸሽ ይችላል ብሎ ከኛ ውስጥ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

ሄኖክ ተፈረደበት። እሱም አልተናገረም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የዘመርነው መዝሙር እሱ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እማዬ ልትጠይቀው ስትሄድ እኔም እከተላለሁ፣ በመስታወቱ በኩል ስልኩን ያነሳና ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«አባዬ ምን አለ?»

«ምንም» ትለዋለች።

«እሺ» ይላል።

ኖርማን ኢስት ዮርክ ውስጥ የራሱን ቤት ገዛ፣ ፊት ለፊቱ ጽጌረዳ የተተከለበት። የትምህርት ቤቴ አውቶቡስ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ክራቫቱን አስሮ ቅጠል ሲቆርጥ በመስኮት አየዋለሁ። አንድ ቀን አስተማሪያችን ስለ ጀግኖቻችሁ ጻፉ አለን። እኔ ኖርማንን እንዴት አድርጌ እንደምገድለው ጻፍኩ፣ ቢሮ ተጠራሁ፣ ወዲያው ከአንዱ ጋር ተደባደብኩ፣ በዚያው ትምህርቱ ቀረ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ እሱ ሳይኖር በረኪና ይዤ ሄጄ ጽጌረዳው ላይ ደፋሁበት። አንዱ ግንድ ደረቀ። ሌሎቹ በሚቀጥለው በጋ እንዲያውም ብሰው አበቡ። አበባው እንኳን የሱ ወገን ነበር።

ሄኖክ ወጣ። የወጣው ግን ሄኖክ አይደለም። የወንጀል ሬከርድ ስላለበት የረባ ሥራ የሚቀጥረው የለም፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል፣ ወገቡ ሄዷል። ከወጣ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ሲቆጣም አላየሁትም፣ ይሄኛው ነው የሚያስፈራው። እኔ ለሁለታችንም እቆጣለሁ።

ኖርማን አምና በመኸር አልጋው ላይ፣ ንጹሕ አንሶላ ውስጥ ሞተ። አባዬ ሰማ። ጥቁር ሱፉን ለብሶ ከመኝታ ቤት ወጣ።

«ንዳኝ» አለኝ።

«አባዬ፣ የት?»

«ለቅሶ ልደርስ።»

«አብደሃል እንዴ? ለማን? ለዚያ—»

«ደርሶኛል፣ እደርሳለሁ። ካልነዳኸኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

ነዳሁት። ሳጥኑ መዘጋቱን በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ከቀብሩ በኋላ አንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ያለ አዳራሽ ገባን። ለቅሶ የሚባል ነገር የለም። ቢራ ነው፣ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ሳንድዊች ነው፣ ግድግዳው ላይ የኖርማን ፎቶ ይቀያየራል፤ ወጣት ሆኖ፣ ጀልባ ላይ፣ አንድ ውሻ አቅፎ። ፊታቸው የቀላ ሽማግሌዎች ይስቃሉ። አባዬ ጥግ ፈልጎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ሰውዬ ማይክራፎን ይዞ «ኖርምን የምታውቁ፣ ኑና አንድ ታሪክ ንገሩን!» አለ።

ተነሳሁ። ስንት ዓመት የያዝኩትን ይዤ ተነሳሁ። በእንግሊዝኛ፣ ምራቄን እየረጨሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለቅሷችንን ተቀምጦ እንደገዛን። የወንድሜን ትራክ ወስዶ ሰው እንዳቃጠለ። ሽማግሌ ሲላክበት ሻይ አጠጥቶ በማግስቱ እንደጠፋ። እዚያ ላይ ስደርስ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ብርጭቆ ተነሳ። «ኖርም ማለት ይሄ ነው!» አለ ማይክ ያቀበለኝ ሰውዬ ጀርባዬን እየደበደበ። «ሻይ አጠጥቶ ጠፋ! የኔ ጌታ!» አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ልገድለው የመጣሁትን ሰውዬ አዝናኝ አድርጌ ቀበርኩት።

ያኔ አባዬ ተነሳ። ማይክ አልያዘም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ ቃል በቃል እያስቀመጠ ተናገረ።

«እኔ አይቻለሁ። እሑድ ነበር። ትራኩን የነዳው ኖርማን ነው። ልጄ ቤት ነበር። ምሳ እየበላ ነበር። እኔ አይቻለሁ።»

የሳቀ የለም። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ማይክ የያዘው ሰውዬ «እሺ፣ አባት፣ በቃ» ብሎ ሙዚቃ ከፈተ። አባዬ ለሁሉም በየተራ እጅ ነስቶ፣ ለቅሶ ደርሶ እንደሚወጣ ሰው፣ ወጣ።

መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሄኖክ ቤት አለ?»

«የት ይሄዳል።»

ሄኖክ ሶፋው ላይ ወገቡን በትራስ ደግፎ ተቀምጧል። አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ሄዶ ፊቱ ቆመ። እማዬ ጫማውን አየች።

«ሄኖኬ» አለ። «ያን ቀን አይቼው ነበር። እያየሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ሄኖክ ቀና ብሎ አላየውም።

«አውቃለሁ አባዬ» አለ። «ባልኮኒ ላይ ነበርኩ። እሱ እጁን ሲያነሳልህ፣ አንተም ባርኔጣህን አንስተህ እጅ ስትነሳው አይቼሃለሁ።»

አባዬ የሚቀመጥበትን ፈለገ። ወንበር አቀረብኩለት።

እኔ ኖርማንን ከመሬት አውጥቼ እንደገና ብቀብረው ደስ ይለኛል። ይሄንን አልደብቅም። አበባውን፣ ፎቶውን፣ ያንን አዳራሽ አሁንም በሐሳቤ አቃጥላቸዋለሁ። እኛ ቤት የተወውን ነገር ግን እሳት አይነካውም። እሑድ እሑድ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሞተሩን አጥፍቶ ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ይቆያል። እማዬ ምሳ ታቀርባለች። ሄኖክ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና እንጀራውን አይነካም። ወጡ ይቀዘቅዛል። እኔ አባዬን ልጠራ ስነሳ «ተወው» ይለኛል ሄኖክ። «ራሱ ይምጣ።» ከዚያ ሊፍቱ እስኪከፈት እንቀመጣለን።